«አለሁ» ይላል

መስከረም 20 ቀን

ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የጠዋት ጋዜጣዎ ሁሉ እንደ ወትሮው ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው።

ስልክ ስለማይወዱ ይኸው በወረቀት ጻፍሁልዎ። «በስልክ የሚወራ ነገር ሥርዓተ ነጥብ የለውም» ያሉኝን አልረሳሁም። አጻጻፌን አይተው ብዕር ካነሱም ግድ የለም፣ አርመው ይላኩልኝ። ያስተማሩት ልጅ ሁሉ «ቀይ ቀለም» ብሎ ስም ያወጣልዎ በከንቱ አይደለም።

ባለፈው «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ» ብለውኝ ነበር። እስቲ ልሞክር። መሥሪያ ቤታችን የብዙ ክሊኒኮችን የሕሙማን መዝገብ በኮምፒውተር ይይዛል። መዝገቡ አንድ ቦታ ብቻ ቢቀመጥ፣ ያ ቦታ የተቃጠለ ቀን ሁሉም ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በተለያዩ ከተሞች ማሽኖች አሉን፤ ሰርቨር እንላቸዋለን። አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል። አንዱ ጋ አዲስ ነገር ሲገባ ለሌሎቹ «ይህን ጻፉ» ብሎ መልእክት ይልካል፤ እነሱም «ጽፈናል» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ምልልስ ለአፍታ አያባራም። የእኔ ድርሻ ምልልሱን የሚከታተል መቆጣጠሪያ ማዘጋጀት ነው፤ ማን ለማን ላከ፣ ደረሰ ወይ፣ መንገድ ላይ ቀረ ወይ። ለሚጠይቅዎ ሰው «ማሽኖች እንዳይኳረፉ ትጠብቃለች» ይበሉት።

ለአባዬ በየሳምንቱ እደውልለታለሁ። «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይልና ይዘጋዋል። ከኮቱ ነገር ወዲህ እንደማትነጋገሩ አውቃለሁ፤ በሁለት ወንድማማቾች መሃል አልገባም። ብቻ የስፌት ሱቁ ከቤትዎ ማዶ ስለሆነ፣ እግረ መንገድዎን እንዴት እንዳለ ቢጽፉልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
የወንድምዎ ልጅ

*

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ሩቅ አገር በደህና ይድረስሽ። እኔ በጤናዬም በክብሬም እገኛለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንድ ጊዜ ለነገሩ፣ አንድ ጊዜ ለአጻጻፉ። «ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው» ብለሻል። ደህና የሆነ ሰው አይደክመውም፤ የደከመውም ሰው ደህና አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ። በተረፈ አጻጻፍሽ ከአባትሽ ይሻላል፤ ይህን ስል ብዙ ማለቴ አይደለም።

ስለ ማሽኖቹ የጻፍሽውን ተረድቻለሁ። ርዕሰ መምህር ሳለሁ ይህን ሁሉ በአንድ ደወልና በአንድ የስም ጥሪ እንጨርሰው ነበር። ማሽን ለማሽን መልእክት ልኮ፣ መልእክቱን የሚጠብቅ ሌላ ማሽን ተተክሎ፣ ያንን ደግሞ አንቺ ስትጠብቂ፣ አንቺን ማን እንደሚጠብቅሽ አልጻፍሽልኝም።

ኮቱን ካነሣሽ ዘንድ ነገሩን ከእኔ ስሚው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለጡረታዬ መሸኛ አባትሽ ኮት ሰፋልኝ። የግራው እጅጌ ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል። በእንግዶቹ ፊት «ይህ ልብስ አንደኛ ክፍልን ይድገም» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርሱ ግን የተረፈ ክር ሊቆርጥልኝ ያወጣውን መቀስ ኪሱ ከቶ ወጣ። እኛ ስህተትን ስህተት ማለት ተምረን ነው ያደግነው፤ እርሱም እዚያው ቤት ነው ያደገው። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም፤ እኔም የእርሱን።

አባትሽ ደህና ነው። ጋዜጣ ልገዛ ስወጣ የሱቁ በር ዘወትር ክፍት ነው፤ እርሱም ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል። ማልዶ በሩን የሚከፍት ሰው ጤነኛ ነው።

በርቺ፤ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ።
አጎትሽ

*

ኅዳር 2 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እርማትዎን ተቀብያለሁ፤ እንግዲያው ደክሞኛል።

አንድ ነገር ደርሶብን ነበር፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። እስካሁን የነበረን መቆጣጠሪያ በየጊዜው እያንዳንዱን ሰርቨር «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። «አለሁ» ካለ ግድግዳው ላይ ባለው ማያ ገጽ አረንጓዴ መብራት ይበራለታል። እኛም አረንጓዴውን እያየን ሻያችንን እንጠጣለን። ከሰርቨሮቹ አንዱ ለካ ሥራ በዝቶበት ኖሯል። ከሌሎቹ የሚመጡለት መልእክቶች ደጁ ላይ ተሰልፈው ይቆያሉ፤ ጊዜያቸው ሲያልፍ ሳያነባቸው ይጥላቸዋል። «አለሁ» ማለቱን ግን አላቋረጠም።

ያወቅነው ከአንዲት ነርስ ነው። ለአንድ በሽተኛ ሌላ ክሊኒክ መድኃኒት ቀይረውለት ኖሮ፣ እሷ ጋ የሚታየው አሮጌው ነው። ደግነቱ ሰውየውን ጠየቀችው። ለክፍል ኃላፊያችን ስትደውል አጠገቡ ነበርሁ።

«አረንጓዴ ነው እኮ!» ይላል እሱ፣ ግድግዳውን እያየ።

«አረንጓዴ ይሁን ቀይ እኔ ምን ቸገረኝ! በሽተኛዬ ፊቴ ቆሞ ያንተ ማሽን ሌላ ይለኛል!» ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

ስለዚህ አዲስ መቆጣጠሪያ አዘጋጂ ተባልሁ። «አለህ?» ብሎ ብቻ የማይጠይቅ፤ ስንት መልእክት ገባ፣ ስንቱ ተሠራ፣ ስንቱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስንቱ ተጣለ የሚል። ያውም ለየጥንዱ ለብቻ፤ አንድ ሰርቨር ከአንዱ ጋር ተስማምቶ ከሌላው ጋር ሊዘጋ ይችላልና። ከጠዋት እስከ ማታ የማየው ይህንኑ ነው።

ጋሼ፣ በሩ ክፍት መሆኑን ጽፈውልኛል፤ አመሰግናለሁ። ከዚያ በር ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ይዞ የወጣ ሰው ግን አይተዋል? አባዬ በየዓመቱ ቀሚስ ሰፍቶ ይልክልኝ ነበር። ዘንድሮ «ጨርቁ አልመጣም» አለኝ። በሕይወቱ ጨርቅ ጎድሎበት አያውቅም።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 25 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። የዘገየሁት እኔ ነኝ።

በሰው ደጃፍ ቆሞ ገቢና ወጪ መቁጠር የዘበኛ ሥራ ነው። እኔ ሰዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ሰላም የሚሉኝ ሰው ነኝ። አባትሽ ማሽን አይደለም፤ እኔም ግድግዳ ላይ የተሰቀልሁ መብራት አይደለሁም። የጎደለው ነገር ካለ አፍ አለው፤ መንገዱን መሻገር የታናሽ ፋንታ ነው።

አንዲት ሴት ብቻ የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ልትቀበል ገብታ ባዶ እጇን ስትወጣ አይቻለሁ። «ነገ፣ ነገ! ልጄ በነገ አድጎ አለቀ!» እያለች ነበር። ይህ የልብስ ሰፊ ሁሉ ጠባይ ነው። ልብስ ሰፊና ነገ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?

በሩ ክፍት ነው።

አጎትሽ

*

ጥር 14 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ ባይመጣ ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ አላደረብኝም፤ መምጣቱ ራሱ ደስ ብሎኛል።

መቆጣጠሪያው ሥራ ጀምሯል። በጣም ጠባብ ልክ ስለሰጠሁት ግን አንዲት መልእክት ትንሽ በዘገየች ቁጥር ይጮሃል። መጀመሪያ ሁሉም ሮጦ ይመጣ ነበር። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ጀመሩ። አንዱ ባልደረባዬ «ያንቺ ነገር እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ሲርበውም ይጮሃል፣ ሲጠግብም ይጮሃል» አለኝ። ኃላፊው «ወይ አስተካክዪው፣ ወይ ዝም አሰኚው» ብሎኛል። ልኩን ሳላላው ደግሞ እውነተኛው ችግር ሲመጣ ትንፍሽ አይልም። እያጠበቅሁና እያላላሁ እውላለሁ። ክፍሉ ለማሽኖቹ ሲባል ይቀዘቅዛል፤ ካፖርት ለብሼ ነው የምሠራው። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እቀመጥና እንደዚያው እቆያለሁ።

እርስዎም ላይ ሳልጮህ አልቀረሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ለአባዬ ደወልሁ። በእናንተ ዘንድ ቀትር ነበር። ወሬ ጀምረን ሳለ «ቆይማ ልጄ፣ መብራት ሄደ መሰለኝ፣ ጨለመብኝ» አለኝ። ከኋላው አንድ ደንበኛ «የምን መብራት ነው፣ ፀሐዩ እኮ አናት ይበሳል!» ሲል ሰማሁ። አባዬ ሳቅ ብሎ «ደህና ነኝ» አለኝና ዘጋው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ይህ ሥራ መልክ ሳይዝ አይሆንም ተብያለሁ። ጋሼ፣ ምንም አልጠይቅዎትም። የሰማሁትን ብቻ ነው የጻፍሁልዎ።

የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበይ፤ የምጽፈው ብዙ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ጋዜጣዬን ሳልገዛ መንገዱን ተሻገርሁ። ከማዶ ሆኜ የማየው በሩንና የአባትሽን ትከሻ ብቻ ነበር። ውስጡን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ልብስ ከጣራ እስከ ወለል ተሰቅሏል፤ በየአንገቱ የባለቤቱ ስም በቁራጭ ወረቀት ተሰክቷል። ከጠረጴዛው ሥር የተቆረጠ ያልተሰፋ ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ተከምሯል። በስፌት መኪናው መርፌ ሥር አንድ እጅጌ ገብቶ ቀርቷል፤ አቧራ ለብሷል። አባትሽ በአንድ እጁ መርፌ፣ በሌላው ክር ይዞ፣ ሁለቱን ሊያገናኝ ይታገላል።

«ማነው?» አለ ቀና ሳይል። «ለመውሰድ ከሆነ ነገ።»

«ለመውሰድ አይደለም» አልሁ።

እጁ ቆመ። ድምፄን ለየው፤ ፊቴን ግን ፈለገው፣ ወዲያና ወዲህ።

«ወንድም ጋሼ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠፍተው ነው? ወይስ እዚህ ሰፈር የሚታረም ነገር አለ ብለውዎት?»

የሚመለስ መልስ ነበረኝ፤ ተውሁት። «አምጣው፣ እኔ ላጥልቀው» ብዬ መርፌውን ተቀበልሁ። መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ። ክሩን በምራቄ አሾልሁት፤ አንድ ጊዜ በቀኝ አለፈ፣ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ ጣቴን ወጋኝ። አባትሽ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል።

«ገባ?»

«አልገባም።»

«ሁለት ዕውር አንድ መርፌ አያጠልቅም» አለና ሳቀ። ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው ሳቅ ነው፤ ሊያለቅስ ሲል የሚስቀው።

ተቀመጥሁ። መቀመጫው የሰው ሱሪ ተከምሮበት ነበርና ሱሪውን ታቅፌ ተቀመጥሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት።

«ከኮትዎ።»

የታቀፍሁትን ሱሪ ጉልበቴ ላይ አጠፍሁት።

«እጅጌው መርዘሙን አላየሁም ነበር፣ ወንድም ጋሼ። እርስዎ ሲናገሩ ነው የሰማሁት። ሰው ሲስቅ ምን እንደሚያስቅ ለማየት ዞርሁ፤ እሱም አልታየኝም።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«በእንግዳ ፊት?»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ መቼ መጡ?»

ለአንቺም ያልነገረሽ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ እዚያ የደረሰችው ስንት ደክማ ነው። ለደንበኛስ ቢሆን? ልብስ ሰፊ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ማን ጨርቅ ያምነዋል? በሩን ማልጄ እከፍታለሁ። በሩ ከተከፈተ ማንም አይጠይቅም» አለኝ። ይህን ሲናገር እንደ ብልሃት ቆጥሮት ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው እምቢ አለ። እምቢታውን አልተቀበልሁትም። ሰኞ ቀጠሮ አለን።

ድካምሽን ፈጣሪ ያቅልልሽ።
አጎትሽ

*

የካቲት 19 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን መሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብሁት። ሰው ሲያልፍ እንባዬን እንዳያይ ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

ስለ ሥራዬ ከጠየቁኝ፣ መቆጣጠሪያው አሁን ሰው የሚያምነው ሆኗል። መጀመሪያ የየአንዳንዱን ጥንድ የዘወትር ጠባይ ዝም ብዬ አጠናሁ፤ የትኛው በተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው፣ የትኛው ጠዋት ላይ ይጨናነቃል። አንድ መልእክት ሲዘገይ አይጮህም፤ ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድና መልእክት መጣል ሲጀመር ብቻ ይጮሃል። ሲጮህ ሰው ይነሣል። ኃላፊው አላመሰገነኝም፤ ፈቃዴን ግን ፈርሞልኛል። በሚያዝያ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት አልቻልሁም።

አንድ ብቻ እለምንዎታለሁ። ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ መጥፎውንም። ለደህናው ወሬማ አባዬ ራሱ ስልክ አለው።

እወድዎታለሁ፣
የወንድምዎ ልጅ

*

መጋቢት 11 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽን እየለመንሁ፣ ጠይቀሽኝ የነበረውን ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ።

ሐኪሙ የግራ ዓይኑን የጋረደው ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል አሉ። ቀኙን ሌላ ጊዜ እናየዋለን ብለው አለፉት። አባትሽ ግን «የሰው ጨርቅ ይዤ ቢላዋ ሥር አልተኛም፤ መጀመሪያ ይመለስልኝ» አለ። የሚያመላልስለት ሰው የለም። እኔው ጨርቁን ተሸክሜ ዞርሁ።

በዚህች ከተማ ስሄድ ከጃንጥላና ከጋዜጣ በቀር ነገር ይዤ የታየሁበት ቀን የለም። በየክንዴ የሰው ቀሚስና ሱሪ አንጠልጥዬ፣ ቁራጭ ወረቀቱን እያነበብሁ፣ በር ማንኳኳት ጀመርሁ። ከባለ ስሞቹ ግማሾቹ እኔው ራሴ ፊደል ያስቆጠርኋቸው ናቸው።

አንዱ በሩን ከፍቶ ደርቆ ቀረ። «ጋሼ! እርስዎ? ሱሪ ተሸክመው?»

«ሱሪህ ነው፤ ተቀበል። አልተሰፋም። ወንድሜ ዓይኑን ታሞ ነው።»

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩን! እኛ እኮ ሌባ ነው እያልን ስናማቸው ከረምን።»

«እኔም አላወቅሁም» አልሁት።

ሰውየው ማዶ ለማዶ መኖራችንን ያውቃል። ጨርቁን በሁለት እጁ ተቀበለኝና እስከ ደጅ ሸኘኝ። ቢወቅሰኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እንዲወቅሰኝ የፈለግሁ ይመስል ጥቂት ቆምሁ። በሌላው ቤት ስለ መዘግየቱ ተሰደብሁ። ስድቡን ተቀብዬ ወደሚቀጥለው ደረጃ ወጣሁ። ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ሳስበው፣ ለካ አባትሽ ይህን ስድብ በየቀኑ ብቻውን ሲቀበል ኖሯል።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ፋሻው ሲፈታ አጠገቡ ነበርሁ። ሐኪሙ ጣታቸውን አሳዩት፤ ቆጠረ። መስኮቱን አየ፣ ነርሷን አየ፣ የገዛ እጁን ገልብጦ አየ። ከዚያ እኔን አየኝና «አርጅተዋል» አለኝ። ነርሷ ሳቀች።

ከዚያ «ቀኙስ፣ ሐኪም?» አለ።

ሐኪሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መልካም ሐኪም ናቸው፤ ነገር አያድበሰብሱም። ቀኙን የጎዳው ሌላ ነው፤ የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ሥሩን ቀስ በቀስ ገድሎታል፤ የሞተው አይመለስም። «ምንም ማድረግ አይቻልም?» ስላቸው «ከዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ ይቻል ነበር» አሉ። ለሁለታችንም ነው የተናገሩት፤ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት በየማለዳው ማዶ ቆሜ ጋዜጣ እገዛ ነበር።

መጥፎውን ጻፉልኝ ብለሽኛል። ይህ ነው። ስትመጪ ሊሰውርሽ ይሞክራል፤ አንቺ ግን አውቀሽ ነይ።

አባትሽ ከአልጋው ተነሣ። ፊቱን ለማየት አልደፈርሁም። ተያይዘን ወጣን። ከሕክምና ቤቱ በር ስንደርስ፣ ገና የዳነው ዓይኑ እንዲያርፍለት ብዬ በግራው በኩል ቆሜ ክንዴን ሰጠሁት። ክንዴን ለቀቀው። ተቆጣ ብዬ ባለሁበት ቆምሁ። እርሱ ግን ዞሮ፣ ትከሻዬን ይዞ፣ በቀኙ በኩል አቆመኝ።

«ግራውን እኔ እችለዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አለኝ። «እርስዎ በዚህ በኩል ይሁኑልኝ።»

በዚያ በኩል ሆኜ ቤቱ አደረስሁት።

አጎትሽ